ያልተቀቡት ቅንድቦች

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ የሱቁን በር ሲያስቀባ የአኳራጅ ሽታ ግድግዳውን አልፎ መጣብኝ። ያ የቀለም ማቅጠኛ ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ እኔን ዓይኔን ነው የሚያቃጥለኝ። ደንበኛ ፊት እንባ መጥረግ ደግሞ ለንግድ አይበጅም፤ የከሰርክ ይመስላቸዋል። ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። የድሮ ጓደኛዬ ሣጥን እዚያው አለ።

ጎረምሳ ሳለን አንድ የወታደር ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። አባቱ ከጎጃም መጥተው ሐረር የተመደቡ አስር አለቃ ነበሩ። ወደ ኦጋዴን ከዘመቱ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ። ሞቱ ያለ የለም፤ አሉ ያለም የለም። ቤታቸው ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ጓደኛዬ ለእናቱ ብሎ አባቱን በእጁ ሊሠራቸው ተነሣ።

ያኔ ጣሊያን ጥሎ የሄዳቸው፣ ከእርሳስ የተሠሩ፣ ጣት የሚያህሉ መጫወቻ ወታደሮች ጊደር መጋላ ገበያ ከውራጅ ብረት ጋር ይሸጡ ነበር። ክርክሩ የኔ ሥራ ነው። "አቦ፣ እግር የሌለው ወታደር ማንን ሊጠብቅልህ ነው?" እያልኩ ሻጩን አሰለቸው ነበር። መሞረድና መቀባቱ የሱ ነው። የብረት ቆባቸውን ሞርዶ ያነሣል፤ በሰም ጸጉር ይተክላል፤ ከሲጋራ ብርማ ወረቀት ነጠላ ያለብሳል። አንዱን ኮስታራ ጣሊያን ጫት ሻጭ ሴት አደረገው።

"አሁን እናቱ ብታየው ታውቀዋለች?" ብሎ ሳቀ።

በሻይ ሣጥን ውስጥ የሐረር ግንብን ኤረር በር በቀይ ጭቃ አቆምን። ከድሬ ጠያራ የሚመጡ ገበሬዎችን ከነአህዮቻቸው ደረደርን። የበሩ መሃል ለአባትየው ባዶ ተተወ፤ ከዘመቻ ተመልሰው ወደ ቤታቸው እየገቡ ነው።

ለዚያ ቦታ የተረፈው ሙሉ አካል አልሞ ተኳሽ ብቻ ነበር። ጠመንጃውን ሞርደን ከረጢት አስያዝነው። ጉንጩ ግን ከሰደፉ ጋር ተጣብቆ ስለተሠራ በዚያ ወገን ዓይን አልነበረውም። ጓደኛዬ ያለውን አንዱን ዓይን ቀባና ለእናቱ ሰጣቸው።

እሳቸው መስኮቱ ጋ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ልጄ፣ አንድ ዓይን?"

"ዞር ብሎ እኮ ነው እማዬ።"

"ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ጠፋህ? ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። አባትህ ማንን በደለ?"

እኔም ያንን ግድግዳ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ልብ አላልኩም ነበር። ጓደኛዬ ጆሮው ቀላ። እዚያው ቁጭ ብሎ ጉንጩን ሞረደ፣ በሰም ሞላው፣ ሁለተኛውን ዓይን ቀባ። ሁለቱም ዓይኖች ትልልቅ ሆኑ፤ አስር አለቃው የደነገጠ ቅዱስ መሰሉ። እናቱ ሳቁ። ሳቃቸውን ከሰማን ቆይተን ነበር።

"ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ቀረ" አለ ጓደኛዬ ደስ ብሎት፣ ብሩሹን እየነከረ። በቅሎ የረገጠቻቸው ጠባሳ ነው። "በቀኝ ነው በግራ እማዬ?"

"ይሄም ይጠየቃል? በዚህ በኩል…"

ፊት ለፊታቸው ሰው የቆመ ይመስል እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው አየር ላይ ወደ ቀኝ ሄደ። ተመልሶ ወደ ግራ ሄደ። ከዚያ ወረደ።

"አንተስ?" አሉት ቀስ ብለው።

እሱም አላስታወሰም። ወደኔ ዞረ፤ እኔም ሰውየውን በየቀኑ አያቸው ነበር፤ ግን ጠፋኝ። ከብሩሹ ቀለም ጉልበቱ ላይ ተንጠባጠበ፤ አልጠረገውም። እናቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"ቅንድቡን ተወው" አሉ በመጨረሻ። "ሲመጣ አይተህ ትቀባዋለህ።"

አልመጡም። እናትየው አረፉ፤ ጓደኛዬም ሣጥኑን እኔ ዘንድ አኑሮ ከሐረር ወጣ።

"ይሄ ስንት ነው?" አለኝ ዛሬ ሱቄ የገባው ደንበኛ፣ ከኋላዬ ሆኖ።

"አይሸጥም።"

"ደግሞስ መች አለቀና! ሰውየው ቅንድብ የለውም።"

በዕቃ እንከን ተከራክሮኝ ያሸነፈ ሰው አላውቅም። ዛሬ ግን "አዎ፣ አላለቀም" አልኩት። አቧራውን ከግንባራቸው ልጠርግ ጣቴን ሰደድኩ፤ ከየትኛው ወገን እንደምጀምር ጨነቀኝ።