ሙዝ የተጫነበት ዕረፍት

በ2017 ዓ.ም. በበልግ፣ ኢድ ካለፈ በኋላ ነው። ከባለቤቴ ጋር ለዕረፍት አርባ ምንጭ ሄድን። «ለዕረፍት» የሚለውን ቃል ስጽፈው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የመጣው ከልጃችን ነው። ልጃችን ሶሎሎ በምትባል የኬንያ ከተማ በነርስነት ትሠራለች። የባለቤቴ እናት አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ እስኪሞቱ ያስታመምኳቸው እኔ ነበርኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ምርቃታቸውን አግኝቻለሁ። ከቀብሩ በኋላ ግን እግሬ ያብጥ ጀመር። ከሱቃችን እስከ ቤት ለመድረስ መንገድ ላይ ቆሜ ትንፋሼን መሰብሰብ ነበረብኝ። ልጄ መጥታ ግፊቴን ለካች፣ መለኪያውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች፣ ከዚያ አባቷን ጠራችው።

«ባባ፣ ማማ ማረፍ አለባት። ሱቅ የሌለበት፣ እንግዳ የማይመጣበት፣ ድስት የማትጥድበት ቦታ ውሰዳት። አንድ ሳምንት።»

«ሊኪዞ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው» አለ ባለቤቴ እየሳቀ፤ የዕረፍት ፈቃድ ማለቱ ነው።

«እየቀለድኩ አይደለም። እንደ አያቴ አልጋ ላይ ከወደቀች ማን ሊያስታምማት ነው? አንተ?»

ሳቁን ተወ። «እሺ። ቃሌ ነው» አለ።

ባለቤቴን ላማው አልፈልግም። ደግ ሰው ነው፣ ሰላቱን አያሳልፍም፣ ልጆቹን አስተምሯል። ግን ነጋዴ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ድንበሩን ወዲያና ወዲህ ሲሻገር የኖረ ሰው፣ ሳይጭን ሄዶ ሳይጭን የተመለሰበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እርሱ ብቻ አይደለም። እኛ የሞያሌ ሰዎች፣ በኬንያ በኩል ያለነውም በኢትዮጵያ በኩል ያሉትም፣ ባዶ እጃችንን መንገድ ከወጣን ነውር የሠራን ይመስለናል።

ልሄድ ነው ስል ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡ።

«ኢናሊላሂ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ሐኪም ፍለጋ ነው?»

«አይደለም። ላርፍ ነው።»

«ከምኑ?» አለችኝ ከሱቃችን ፊት ለፊት ሽርጥና ሻሽ የምትሸጠው። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ተቆጣ። ሴት ለለቅሶ ስትሄድ «በርቺ» ትባላለች። ለሰርግም ለሕክምናም ስትሄድ ስንቅ ይቋጠርላታል። አማቷን ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ሌሊቱን ስትነሣ የኖረች ሴት ልረፍ ስትል ግን ከምኑ ተብላ ትጠየቃለች።

በያቤሎና በኮንሶ በኩል ሄደን አርባ ምንጭ የደረስነው ከመግሪብ በፊት ነው። ማረፊያችን ከገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ሻንጣችንን ሳናስገባ በረንዳው ላይ ወጣሁ።

እኛ ዘንድ ውሃ በቦቴ ይመጣል። በጎልቦ ቆላ በኩል በበጋ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው መንገድ መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። አሁን ከእግሬ ሥር ሁለት ሐይቅ ተዘርግቷል። አንደኛው ቀላ ያለ ነው፣ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ሁለተኛው ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው በደን የተሸፈነ ጉብታ ተጋድሟል። ከበስተኋላችን ያሉት ተራሮች ጫፋቸው ደመና ውስጥ ገብቷል። ሱብሃነላህ አልኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ባለቤቴም መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ነገ በጀልባ እናየዋለን» አለኝ። በእውነት አስቦት ነበር፤ ያን ጊዜ ዓይኑን አይቻለሁ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ከአንድ ሰውዬ ጋር ሲስቅ አገኘሁት። ሰውዬው የሙዝ ደላላ ነው። እንዴት እንደተገናኙ አልጠየቅኩም። ባለቤቴን በረሃ ላይ ለብቻው ብታስቀምጠው ከሰዓት በኋላ ደላላ አጠገቡ ተቀምጦ ታገኛለህ።

«ሙዙን ቀምሰሽዋል?» አለኝ። «እኛ ጋ የሚመጣው ከታች ከደቡብ ኬንያ ተገጫጭቶ ነው። እዚህ ያለውን ማንም አላሰበበትም!»

«ጀልባውስ?»

«ከሰዓት።»

ከሰዓት በኋላ እርሱና ደላላው ስልክ ላይ ነበሩ። ባለቤቴ ሁለት ስልክ አለው፣ አንዱ የኬንያ አንዱ የኢትዮጵያ መስመር። አንዱን ሲዘጋ ሌላው ይጮኻል። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሐይቁ በፀሐዩ ሲለዋወጥ አየሁ። ይህም ዕረፍት ነው ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ነይ፣ ሐይቁ አጠገብ ያለ አትክልት ላሳይሽ፣ ጥላው ብቻ ይበቃሻል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነጭ ሻሼን አሰርኩ። የወሰደኝ የሙዝ እርሻ ነው። ጥላው እውነት ነበር። ሐይቁ ግን አልታየም፤ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኗል። ከመንገዱ ዳር አንድ አይሱዙ ቆሞ ሴቶች ያልበሰለ ሙዝ በዘለላ በዘለላ ይለያሉ።

«አንቺ ዓይንሽ አይሳሳትም» አለኝ ባለቤቴ። «እስቲ የተመታውን ወዲያ በይልን። ለትንሽ ጊዜ ነው።»

ጎንበስ አልኩ። ለምን ጎንበስ እንዳልኩ አሁንም ለራሴ አስረድቼ አልጨረስኩም። እጄ ለምዶ ነው። ደህናውን ወደ ቀኝ፣ የተመታውን ወደ ግራ። ሙዙ የሚያወጣው ፈሳሽ ልብስ ላይ ሲደርቅ እንደሚጠቁርና እንደማይለቅ የነገረችኝ አጠገቤ የምትለይ ሴት ናት።

«እርስዎም ለሥራ ነው የመጡት?» አለችኝ።

«ለዕረፍት ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ለከሰዓቱ የአስር ሰላት ነው ቀና ያልኩት። ወገቤ አልዘረጋ አለኝ። ሻሼ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኗል።

የዚያን ዕለት አመሻሽ፣ በረንዳው ላይ ከደላላው ጋር ሦስታችን ተቀምጠን፣ ባለቤቴ የነገውን ነገረኝ። ሙዙን ገዝቶታል፤ የጫነው አይሱዙ ወደ ሞያሌ በጠዋት ይነሣል። ሾፌሩ ከፊት ለሁለት ሰው ቦታ አለው። አብረን እንሄዳለን፤ ሙዙን ያለ ባለቤት መስደድ አይሆንም።

«ሐይቁስ?» አልኩት።

«አይተሽው የለ እንዴ? ከዚሁ ሆነሽ ሁለቱንም! ደግሞ ሐይቅ ምን አለው፣ ውሃ ነው።»

ከሞያሌ የመጣ ሰው «ውሃ ነው» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። በቦቴ ውሃ የሚገዛ ሰው!

«ልጅህ አንድ ሳምንት ብላሃለች። ቃል ገብተህላታል።»

«ቃሌን መች አጠፍኩ? አመጣሁሽ አይደል? ይኼን ሁሉ የምለፋውስ ለማን ነው?»

ደላላው ሊያስታርቀን መሰለኝ ጣልቃ ገባ። «ማዘር፣ ሙዝ ነው እኮ፣ አያቆይም። እንደ ሰው አይታገስም።»

«እንግዲያው እኔንም ሙዝ አድርጋችሁ ቁጠሩኝ» አልኩት።

ደላላው ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀም። ተነሥቼ ገባሁ።

ኢሻን ስሰግድ ልቤ አልሰበሰብ አለኝ። ንዴት ይዞ አላህ ፊት መቆም ከባድ ነው። የተሰጠኝን አውቃለሁ። ጤነኛ ልጆች፣ የማይሰክር ባል፣ የማይጎድል ማዕድ። ብዙ ሴቶች ይህን በዱዓ ሲለምኑ ይኖራሉ። ስለዚህ ስቆጣ ምስጋና ቢስ እሆናለሁ ብዬ እፈራ ነበር። ያን ዕለት ግን ሰጋጃዬ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ተገለጠልኝ። ያንን ሐይቅ የፈጠረው እርሱ ነው፣ እዚህ ድረስም ያመጣኝ እርሱ ነው። በሩ ድረስ ደርሼ ለአንድ መኪና ሙዝ ብዬ ብመለስ፣ የተሰጠኝን እንቢ ማለት ይሆናል እንጂ ምስጋና አይሆንም። ደግሞም ያበጠው የእኔ እግር ነው። ልጄ መለኪያውን ጠቅልላ ስትከት ያየሁት ፊት የእኔን ዕድሜ የሚቆጥር ፊት ነበር።

ባለቤቴ ሲገባ የተኛሁ መስሎት መብራቱን ቀስ ብሎ አጠፋ። ይህ ደግነቱ ይበልጥ አናደደኝ።

ጠዋት ሱብሂን ሰግደን ስንጨርስ ልብስ ማጠፍ ጀመረ።

«የእኔን አትንካ» አልኩት። «እኔ ቀርቻለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሳምንቱ አላለቀም። ሙዝህ ሰው ካስፈለገው አንተ ሂድለት።»

«ሰው አገር? ብቻሽን?»

«እናትህን ብቻዬን አስታምሜያቸው የለ?»

እጁ ላይ የያዘው ሸሚዝ እዚያው ቀረ። ይህን በሕይወቴ አንድ ቀን ተናግሬው አላውቅም ነበር። ውጭ አይሱዙው ጡሩንባውን ነፋ። ባለቤቴ በሩ ላይ ወጥቶ አንዴ ወደ መኪናው አንዴ ወደ እኔ ያይ ጀመር። ጫማዬን አጠለቅኩ፣ ሌላ ሻሽ አሰርኩ፣ የሚመርጠውን ሳልጠብቅ በአጠገቡ አልፌ ወጣሁና ባጃጅ ጠራሁ።

ሐይቁ ዳር አንድ ወጣት ጀልባውን እያጠበ ነበር።

«ማዘር፣ ስንት ናችሁ?»

«አንድ።»

«አዞውን ነው ጉማሬውን ማየት የሚፈልጉት?»

«ውሃውን» አልኩት።

ጀልባ የሚጠብቁ ጥቂት አስተማሪዎች ስለነበሩ ከእነርሱ ጋር ከፊት አስቀመጠኝ። ቢስሚላህ ብዬ እጄን ወደ ውሃው ሰደድኩ።

«እጅዎን ከውሃው ያውጡ ማዘር! አዞ አለ ስልዎት!»

አስተማሪዎቹ ሳቁ። እርጥብ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩና ሞተሩን እንዲያስነሣ ነገርኩት።