የሓጃ ኢንሺራህን እጅ የሰበረው ሰው

ዘይንሁም ክፉ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። እጁ ከአፉ ይቀድማል። ከላይኛው ግብፅ፣ ከሶሃግ፣ ወደ እስክንድርያ ከመጣ ወዲህ ያልተደባደበበት ግንባታ የለም፤ አንዱን ሾፌር ሻይ ደፋብኝ ብሎ ጥርሱን አራግፎታል። ግን እንደኔ ጉድጓድ ወርዶ ብረት የሚያስር ሰው፣ ላይ ፓምፕ የሚጠብቀው ዘይንሁም መሆኑን ካወቀ ምሳውን ረጋ ብሎ ይበላል።

ባሕሩ ከእኛ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። እዚህ ሰፈር ትንሽ ከቆፈርክ ውሃ ነው። ስለዚህ በግንባታው ጉድጓድ ዙሪያ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓዶች ይቆፈሩና በእያንዳንዱ ፓምፕ ይገባል፤ ቀን ከሌት ይስባል። ፓምፖቹ ከቆሙ ውሃው ከስር ገፍቶ የቆምክበትን ወለል ይፈነቅለዋል። እኛ ደግሞ ታች ነን፤ መውጫችን አንዲት መሰላል ናት።

ዘይንሁም ጠዋት ጠዋት ከቧንቧው የሚወጣውን ውሃ በብርጭቆ ይቀዳና አጠገባችን ካለው አሮጌ ፎቅ፣ ምድር ቤት ከሚኖሩት ከሓጃ ኢንሺራህ መስኮት ላይ ያስቀምጥ ነበር። ውሃው ከጠራ ከቤታቸው ስር አሸዋ አልተሳበም ማለት ነው። እሳቸውም አይተው ፉልና ትኩስ ዳቦ ይሰጡታል።

«ዛሬስ ማንን መታህ?» ይሉታል።

«ገና ጠዋት ነው ሓጃ፣ ይታገሱኝ እንጂ።»

አንድ ሐሙስ ብርጭቆው ደፈረሰ። የአንዱ ጉድጓድ ማጣሪያ ተቀዶ አሸዋ መሳብ ጀምሯል። ዘይንሁም ያንን ፓምፕ ወዲያው ዘጋው፤ ግን የሓጃ ግድግዳ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቶበታል። ልጃቸው ፈረግ፣ ሥጋ ቆራጩ፣ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ፤ ሰፈሩ ተከተለው። ሁሉም የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ቤታችንን የሚያፈርሰው ፓምፕ ነው፣ ፓምፑ ይቁም። ወላሂ፣ ቤቱ የኔ ቢሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ዘይንሁም ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ይዞ የፓምፖቹ ማብሪያ ሳጥን ፊት ቆመ። «ታች አሥራ አንድ ሰው አለ! ይውጡና እኔው አጠፋዋለሁ!» ብሎ ጮኸ።

የፈረግ መልስ መጥረቢያው ነበር። የሦስት ፓምፖችን የኤሌክትሪክ ገመድ ቆራረጠው፤ እሳት ተረጨ፤ የቀሩት ግን መሳባቸውን ቀጠሉ።

ታች ያለነው ሰዎች ምንም አልሰማንም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት አሸዋው እግሬ ስር እንደ ገንፎ ሲንተከተክ ነው። መሰላሉ ላይ ተረባረብን፤ አንዱ የሌላውን ጣት እየረገጠ፣ አንዱ የሌላውን እግር ይዞ እየጎተተ። ሰው ለነፍሱ ሲሮጥ ወንድም አያውቅም፤ እኔም አላወቅሁም።

ከአፋፉ ብቅ ስል ፈረግ የዘይንሁምን ጉሮሮ አንቆታል። ዘይንሁም በመፍቻው መንጋጋውን አለው፤ ፈረግ ተዘረረ። ከኋላ የመጣ ጡብ ደግሞ የዘይንሁምን ግንባር ፈነከተው፤ ግራ ዓይኑን ደም ሸፈነው። በዚያ ግርግር መሃል ሓጃ ኢንሺራህ በሰዎች ክንድ ስር ሾልከው እጃቸውን ወደ ማብሪያው ሲሰዱ አየሁ። እሱም አየ። መሰላሉ ላይ ገና ሰው ነበር። መፍቻውን እጃቸው ላይ አወረደው። ፉል የሚያጎርሱት እጅ ላይ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ በዱላ፣ በድንጋይ፣ በጫማ ወረዱበት። ጀርባውን ከሳጥኑ አልነቀለም። የመጨረሻው ሰው፣ ሽማግሌው ሸሐታ፣ አፋፉ ላይ ተንከባሎ ሲወጣ ዘይንሁም በአንድ ዓይኑ አየውና ማብሪያውን በገዛ እጁ አውርዶ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ የጉድጓዱ ወለል አብጦ ፈነዳ፤ ያሰርነውን ብረት ሁሉ ውሃ ዋጠው።

የሰፈሩ ሰው አሥራ አንድ ነፍስ መትረፉን አላወራም። ያወራው አንዲት አሮጊት መመታታቸውን ነው፤ ተናደድኩ፣ ግን ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም። የዘይንሁም ግራ ዓይን ጠፋ። የሓጃ ፎቅ አያስተማምንም ተብሎ ሰው ሁሉ እንዲለቅ ስለተደረገ እሳቸው እህታቸው ቤት ገቡ።

በሶሃግ ደም ያፈሰሰ ሰው ከፈኑን፣ የሚገነዝበትን ጨርቅ፣ በሁለት ክንዱ ተሸክሞ ተበዳዩ ቤት ይሄዳል፤ ግደሉኝ ወይ ማሩኝ ማለቱ ነው፤ ከፈኑን ከተቀበሉት ምረውታል። ለተሰበረ እጅ ከፈን የተሸከመ ግን ከዘይንሁም በቀር አላየሁም። ባዶ እግሩን፣ አብረነው ሄደን፣ ሓጃ ፊት ተንበረከከ። መንጋጋው የታሰረው ፈረግ ሊነሳ ሲል እናቱ «ተቀመጥ» አሉት።

«ሓጃ» አለ ዘይንሁም፣ «ሰው አለ ብዬ ጮኼ ነበር። በፓምፑ ድምፅ ነው ያልሰሙኝ።»

ሓጃ የታሰረ እጃቸውን አዩ።

«ሰምቼሃለሁ» አሉ። «የምትዋሽ መስሎኝ ነው።»

በግራ እጃቸው ከፈኑን ከክንዱ ላይ አነሱት፤ ፊታቸውን ሸፍነውበት አለቀሱ።