ዳማን ማን አሳወራት?

ከጎንደር የወጣሁ ዕለት አባቴ ከሱብሒ ሶላት እንደተመለሱ እስከ አዘዞ ድረስ ሸኙኝ። የመተማው ሚኒባስ እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆመን ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቦርሳዬ ማሰሪያ ሳይቀር አወራን፤ ስለ ሥዕል ግን አንድም ቃል አልተነፈስንም። እናንተ እዚያው ያላችሁም፣ እንደኔ ወጥታችሁ በየበረዶው የተበተናችሁም፣ ልንገራችሁ፦ ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ያን ዕለት ባልተናገርነው ነው።

አባቴ እዚያው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። በጉልበታቸው ዘመን ዳማ የምትባል በቅሏቸውን ተቀምጠው ሳንጃ እየወረዱ ሰሊጥ ይነግዱ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ዳማን በከሰል የሱቁ በር ላይ ሳልኋት። አባቴ ቆመው ብዙ አዩዋት።

«ሸጋ ናት» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ነፍስ ያለውን አትሳይ። በቂያማ ቀን ነፍስ ዝሪበት ብትባይ ምን ይውጥሻል?»

ፈራሁ። ግን ሙሉውን ማጥፋት አሳዘነኝና፣ ዓይን ከሌላት ነፍስ የላትም ብዬ ዓይኗን ብቻ በጣቴ አጠፋሁት። በማግስቱ አይተው ዝም አሉ። ዝም ካሉ ተስማምተዋል አልሁ። ከዚያ ወዲያ ከደባርቅ በላይ ያየኋቸውን ጭላዳዎች፣ ዋልያውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ ሁሉንም ያለ ዓይን ሳልሁ። ስደት ከወጣሁ በኋላም ፎቶዬን ለቤት ልኬ አላውቅም፤ እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ምስል አይሰቀልም።

ካርቱም ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠራሁ፤ ሙቀቱ የሳንጃን ያስንቃል። ቀጥሎ ስዊድን ደረሰኝ፤ እዚህ ደግሞ በክረምት ፀሐይ ለምሳ ብቅ ብላ ወዲያው ትገባለች። ክነከብሮድ የሚሉት ደረቅ ቂጣ አላቸው፤ ሲያዩት ድርቆሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ወጥ የሚያርሰው የለም። ጎረቤት ቡና ልጠጣ ብሎ አይገባም፤ ፊካ የሚሉትን ቡናቸውን እንጠጣ ካለም ቀኑን ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የሚቆርጠው። ሥራ ፈላጊ የሚመዘግበው ሰውዬም በቀጠሮ ተቀበለኝ።

«ሙያሽ?»

«ሠዓሊ ነኝ።»

«ዲፕሎማ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ምንድን ነው የምትስዪው?»

«እንስሳት። በተለይ በቅሎ። ቤታችን በቅሎ ነበረን።»

ፊቱ በራ። «ከእንስሳት ጋር የመሥራት ልምድ» ብሎ ጻፈና ፈረስ ጋጣ እንድጠርግ ላከኝ። በሥዕል ገብቼ በፋንድያ ወጣሁ በሉ። ስድስት ዓመት ጠረግሁ።

ኢንገር የምትባል የሥዕል ጋለሪ ያላት ሴትዮ ፈረሷን የምታሳድረው እዚያ ጋጣ ነበር። አንድ ቀን በመኖ ከረጢት ላይ በከሰል የሳልኋትን ዳማን አየችና «ሌላም አለሽ?» አለችኝ። ክፍሌ ውስጥ ሃያ ሦስት ነበሩኝ። ለብቻሽ ዐውደ ርእይ ላዘጋጅልሽ ስትለኝ፣ ሣሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ እሺ አልሁ። የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙ «የሰሜን እንስሳት» እንዲባል።

ዕለቱ ደርሶ ስሄድ በሩ ላይ በትልቁ «ጨለማ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «ዓይን የሌላቸው እነዚህ እንስሳት የስደተኛዋን ቁስል ይናገራሉ» ይላል።

«ኢንገር፣ ይህ ውሸት ነው» አልኋት። «ዓይን ያልሳልሁላቸው ለአባቴ ብዬ ነው።»

«አባትሽ ይመታሽ ነበር?»

«ኧረ በአላህ! አንድ ቀን እጃቸውን አንስተውብኝ አያውቁም።»

«እንግዲያው» አለች የወይን ብርጭቆዋን እያነሳች፣ «ጨለማ ይሻላል። አጭር ነው።»

ንድድ አልሁ። ሰው ሁሉ ወይኑን ይዞ እያዘነልኝ ያልፋል፤ አንዲት አሮጊት እንባ አውጥታ ትከሻዬን ደባበሰችኝ። ጭላዳው ሣሩን ይነጫል፣ ዋልያው ገደሉ ላይ ቆሟል፤ ምንም ያልሆኑ ጤነኛ እንስሳትኮ ናቸው! ከሁሉ ቀድማ የተሸጠችው ዳማ ነበረች።

ወንድሜ ጀማል የሥዕሎቹን ፎቶ ካልላክሽልኝ ብሎ ነዘነዘኝ። ለአባዬ እንዳታሳይ ብዬ በቫይበር ላክሁለት። ለጀማል አታሳይ ማለት አሳይ ማለት መሆኑን ረስቼ! በማግስቱ ስልኩ ጮኸ፤ አባቴ ናቸው።

«ዳማን ማን አሳወራት?» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«አባዬ፣ አንቱ አይደሉ እንዴ፣ ነፍስ ያለውን አትሳይ ያሉኝ?»

«አትሳይ አልሁሽ እንጂ አሳውሪ አልሁሽ? ሳንጃ መውረጃው ላይ ጉም ውጦን የምረግጠው ሲጠፋኝ፣ ገደሉን አይታ ያተረፈችኝ በዚያ ዓይኗ ነው። ያኔም በሩ ላይ ስታጠፊው ከፍቶኝ ነበር። ልጅ ናት ብዬ ዝም አልሁ።»

ከፍቷቸው ነበር። እኔ ደግሞ እሳቸውን ደስ ያሰኘሁ መስሎኝ ዕድሜዬን ሙሉ ዕውር ሳሳድር ኖርሁ።

ብሩሼን ይዤ ጋለሪው ሄድሁ። «ሁለት ነጥብ ብቻ፣ ከዚያ እሄድልሻለሁ» አልኋት ኢንገርን።

«ተሸጧል» አለች። «ገዢው የወደደው ያለ ዓይን ነው። ለሚቀጥለውም ዓይን እንዳትጀምሪ፤ ሰው የሚያውቅሽ በዚህ ነው።»

ሰው ለገዛ በቅሎው ዓይን ለመሳል ፈቃድ ሲለምን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እየተሳደብሁ ቤቴ ገባሁና በአዲስ ሸራ ላይ ዳማን እንደገና ጀመርሁ። ጆሮዋን፣ ጋማዋን፣ ግንባሯን ሳልሁ። ዓይኗ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን ስላልሳልሁ እጄ አያውቀውም፤ ይባስ ብሎ የዳማ ዓይን ምን ይመስል እንደነበር ጠፋኝ። የጋጣውን ፈረሶች አስታውሼ ብሞክር የኢንገር ፈረስ ሆነችብኝ። ፋቅሁትና ጎንደር ደወልሁ።

«አባዬ፣ የዳማ ዓይን እንዴት ነበር? ትልቅ ነው? ቡናማ ነው ጥቁር?»

ከኋላቸው አንድ ገበያተኛ የጨርቅ ዋጋ ይጠይቃል፤ አልመለሱለትም።

«የዳማስ ይቅር» አሉኝ። «እኔ ያንቺም ዓይን እየጠፋኝ ነው። ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ፎቶ እንኳ ሳትልኪልኝ?»