ራሷ ማንቆርቆሪያ የሆነች ሴት

ጥዑመልሳን መላ ሊፈልግለት የተነሣው ችግር ይህ ነበር፦ ፎቶግራፍ ያልተረፈለትን፣ ፊቱንም በትክክል የማያስታውሱትን ሰው ግድግዳ ላይ እንዴት ይሥሉታል?

ሱዳን፣ ካርቱም አጠገብ ባለችው ባሕሪ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሱቅ ስም ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ጦርነቱ ሲገባ መቃብር ቦታ ድረስ መሄድ ስላልተቻለ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በየግቢውና በየመንገዱ ዳር ቀበረ። ስልኮች ተዘረፉ፤ ፎቶዎችም አብረው ጠፉ። ጥዑመልሳን ከፈራረሱ ጋራዦች የተረፈ ቀለም እየለቀመ፣ ሟቹ ከተቀበረበት አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ መሣል ጀመረ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው በጣም ይገርማል። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ የማያስታውሰውን አይሥልም። ሻይ ሻጯን ሀዋን ሲሥል በርጩማዋን፣ ቀሚሷን፣ እሳት የፈጀውን አውራ ጣቷን ሳይቀር አሰፈረ። አንገቷ ላይ ግን ፊት የለም፤ ጥቁር ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። እንፋሎቱ ሽቅብ ሲወጣ የደንበኞቿን መልክ ይይዛል።

«አንተ፣ ሴትዮዋን ማንቆርቆሪያ አደረግሃት እኮ!» አለው የሰፈሩ ዘበኛ ጋሽ ቢረሳው።

«ፊቷን ይንገሩኝና ልሣለው።»

«ጥርሷ… ወላሂ፣ ስትስቅ…»

«ሲስቅ ጥርስ የሌለው ማን አለ ጋሼ? የእሷ ምን ዓይነት ነበር?»

ጋሽ ቢረሳው ዐሥራ አንድ ዓመት ከእጇ ጠጥቷል።

ከሥዕሉ ሥር ጥዑመልሳን በዐረብኛ «ሀዋ» ብሎ ጻፈ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ ክርስቲያን ናት፤ ስሟም በለጡ ነው። ካርቱም ሥራ ፍለጋ የመጣ ሐበሻ የእስላም ስም ማውጣቱ የተለመደ ነው፤ ደላላው ስም ያወጣለታል፣ ወረቀቱ በዚያው ይሠራል፣ ሰፈሩም በዚያው ይጠራዋል። ጥዑመልሳን ይህን እያወቀ፣ ሰፈሩ እንዲለያት ብሎ በሰፈሩ ስም ጻፋት።

ውጊያው ከከተማው ሲርቅ በየመንገዱ የተቀበሩትን እያወጡ ወደ መካነ መቃብር የሚያዛውሩ ሠራተኞች መጡ። ጥዑመልሳን ያን ዕለት ቀለም ፍለጋ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ሄዶ ነበር። ሲመለስ ከሥዕሉ ሥር ባዶ ጉድጓድ ጠበቀው። ስሟን አንብበው ወደ እስላም መቃብር ወስደዋታል።

የመቃብሩ ጠባቂ መዝገቡን ሁለት ጊዜ ገለጠለት። «ከባሕሪ የመጡ ሀዋዎች አምስት ናቸው። የማን ልጅ ናት?»

«ግድግዳው ላይ የአባቷን ስም አልጻፍኩም።»

«እንግዲህ እኔም አልጻፍኩም፣ ወንድሜ።»

በወሩ የበለጡ እኅት ካሳነሽ ከመተማ ደወለች። ዐፅሟን አገሯ ቤተ ክርስቲያን ልታሳርፍ ፈልጋለች። ጥዑመልሳን እውነቱን ነገራት፤ ከአምስቱ መቃብሮች አንዱ የእሷ ነው።

«ታዲያ የሰው ዐፅም ይዤ ልሂድ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

አሁን አዲስ ሥዕል አይሥልም። በቀሩት ሰባት ግድግዳዎች ላይ የእያንዳንዱን ሟች እውነተኛ ስም ከነአባቱ፣ በአማርኛም በዐረብኛም ለመጨመር እየሞከረ ነው። ዛሬ ያለው ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይነዳ በነበረው በሳምሶን ግድግዳ ላይ ነው፤ ተሳፋሪዎች በደረቱ መስኮት ሲመለከቱ አድርጎ የሣለው ሰው። ሳምሶንን የቀበሩት ሦስት ሰዎች አገር ለቀዋል። ሁለቱ ስልክ አንሥተው ነበር፤ የአባቱን ስም አያውቁም። አስከሬን የሚያወጡት ቆፋሪዎች እዚህ ለመድረስ ሁለት ቤት ቀርቷቸዋል። ጥዑመልሳን መሰላሉ ላይ ቆሞ፣ ብሩሹን በግራ እጁ እንደያዘ፣ ወደ ሦስተኛው ሰው እየደወለ ነው።