ባለ ሁለት ሞላዋ ብስክሌትና የቡናው ሚዛን

በብስክሌት ቁልቁለት ስትወርዱ ጥርሳችሁ ከጥርሳችሁ ተጋጭቶ ያውቃል? እጃችሁ እስከ ክርናችሁ ደንዝዞ፣ ከወረዳችሁ በኋላ እንኳ መሬቱ የሚንቀጠቀጥ መስሏችሁ ያውቃል? እኔ ላይ በየቀኑ ይደርስ ነበር፤ ያውም ጠዋትም ማታም።

ጊዜው በእኛ አካባቢ ሞባይል የሚሠራው ኮረብታ አናት ላይ ብቻ የነበረበት ነው። ያኔ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ አጋሮ ከሚወስደው አስፋልት ተገንጥሎ በቡና ማሳዎች መሐል የሚያልፍ ኮረኮንች መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ቤቴ ደግሞ ጅማ። መንደሩ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ እንዳልቀመጥ የሚያደርገኝ አንድ ትልቅ ምክንያት ነበረኝ፤ ማታ ማታ ኪቶ ፉርዲሳ ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ እየሄድኩ ዲግሪዬን እማራለሁ።

ችግሩ ሚኒባሱ ነው። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ ለመሙላት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድለዋል። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ አረፈድኩ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝና፣

«ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈድክ እዚሁ መንደር ትቀመጣለህ። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ» አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ስዘገይ የልጆቹን ጫጫታ የሚሰማው እሱ ነው። ደብዳቤው ከተጻፈ ግን የማታ ትምህርቴ አበቃ ማለት ነው።

በመጀመሪያ የወንድሜን አሮጌ ብስክሌት ሞከርኩ። በሰዓቱስ ደረስኩ፤ ነገር ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አንዲት ተማሪ አይታ «ቲቸር፣ ይሄ እንግሊዝኛ ነው?» አለችኝ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር።

ስለዚህ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ብስክሌት ለመግዛት ወሰንኩና ወደ አንድ ጠጋኝ ሽማግሌ ሄድኩ። እኚህ ሰው የጅማ ተወላጅ ናቸው። ከብስክሌት ሌላ የቡና መፈልፈያ ማሽን ይጠግናሉ፤ አማርኛና ኦሮምኛውንም እንደ ብሎንና ዳዶ አጋጥመው ነው የሚናገሩት። አብረን ሱቅ ገባን። ዓይኔ ወዲያው አንድ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ብስክሌት ላይ አረፈ።

«መምህር ይሄን ውሰድ። ተማሪ ያከብርሃል» አለ ባለሱቁ።

«አንገቱ ሲሰበርም ያከብሩት ይሆን?» አሉ ሽማግሌው። መልስ ሳይጠብቁ በሁለት መዳፋቸው የአረንጓዴውን ኮርቻ ወደ ታች ተጭነው ለቀቁት። ኮርቻው ተመልሶ ዘለለ። «እየው ባርሲሳ፣ ይሄ እንቁራሪት ነው። ይወረውርሃል።» በኦሮምኛ መምህርን ባርሲሳ ነው የሚሉት፤ እሳቸው ጠዋት መምህር ካሉኝ ከሰዓት ባርሲሳ ይሉኛል።

ቀጥሎ ያለውን ተጫኑት፤ ምንም አልተነቃነቀም። «ይሄ ደግሞ ፎቶ ለመነሻ ነው።»

ሦስተኛው ሐምራዊ ነበር፤ ኮርቻው በአንድ በኩል ተተርትሯል። ሲጫኑት ዝቅ አለ፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ተነሳ። «ጋሪዳ!» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። «የዚህ ሞላ ውስጡ ዘይት አለው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላ የመንገዱን ምት ይቀበላል፤ የተቀበለውን ግን ወዲያው መመለስ ይፈልጋል። ዘይቱ ነው «ቀስ በል» የሚለው። ዘይት የሌለው ሞላ ቁጡ ሰው ማለት ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ አረንጓዴውን ዞር ብዬ አላየሁትም። (እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።) ሐምራዊው ላይ እግሬን አንፈራጥጬ ቆምኩ፤ በብረቱና በእኔ መሐል አራት ጣት ገባ። ቁመቱም ልኬ ነው። ገዛሁትና ከኋላው የብረት መቀመጫ አሠራሁለት።

እኔ ወዲያው ልነዳት ቸኩዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ከለከሉኝ። «ክብደትህን ሳላውቅ ሞላ አላጠብቅም። ልብስ ሰፊ ሳይለካ ይቆርጣል እንዴ?» ብለው ከሱቃቸው አጠገብ ወዳለው የቡና መጋዘን ወሰዱኝ። የደብተር ቦርሳዬን እንደተሸከምኩ የኬሻ ቡና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወጣሁ። መዛኙ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

«ይሄ ቡና አልደረቀም። እርጥበቱ ይቀነስ!» አለ። ተሸካሚዎቹ ኬሻቸውን አውርደው ሳቁ።

ከዚያ ሽማግሌው የኋላው ሞላ የታሰረባቸውን ሁለት ብሎኖች መሐል በክር ለኩ። እኔ ኮርቻው ላይ ስቀመጥ እንደገና ለኩ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ስትቀመጡ ሞላው ሊወርድ ከሚችለው ሩቡን ያህል ብቻ መውረድ አለበት። ጨርሶ ካልወረደ ከድንጋይ አይሻልም። ብዙ ከወረደ ደግሞ ጉድጓድ ሲመጣ የሚወርድበት አይኖረውም። ሞላውን የሚያጠብቀውን ቀለበት እያዞሩ ልኩን አገኙት። በመጨረሻም ከኋላ ወዳሠራሁት የብረት መቀመጫ እያመለከቱ ጠየቁኝ።

«ማንን ትጭናለህ?»

«ማንንም አልጭንም አባባ። ለደብተር ነው።»

«በዚያ መንገድ? ለደብተር ብቻ?» ሳቃቸው ሳል ሆነ። «ወላሂ፣ መቀመጫ ያየ እግር ይደክመዋል። ለሰውም እንለካ።»

«አይ፣ ለእኔ ብቻ ይሁን» አልኩ።

ሁለት ሳምንት ነገሥኩ። ሐምራዊዋ ሥሩንም ድንጋዩንም እየዋጠች ትሄዳለች፤ የሰሌዳ ጽሕፈቴም ወደ አማርኛ ተመለሰ። አስቸጋሪው ሰላምታ ብቻ ነበር። «አካም ቡልቴ፣ ባርሲሳ?» ብሎ እንዴት አደርክ ያለን ሰው በአንድ ቃል መልሶ ማለፍ ነውር ነው፤ ከብቱም፣ ልጁም፣ ቡናውም መጠየቅ አለበት። ዘዴ አገኘሁለት። ሰውየውን ከሩቅ ሳየው ሰላምታውን እጀምራለሁ፤ አጠገቡ ስደርስ ቡናው ላይ ደርሰናል፤ ምርቃቱ ከኋላዬ ይከተለኛል። «ጫነኝ» የሚሉትንም «ደብተር አለ!» እያልኩ አልፋቸው ነበር።

ዝናብ ባደረበት አንድ ጠዋት ግን የወላጅ ኮሚቴያችንን ሰብሳቢ መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ክረምት ከበጋ ካፖርት የማይለያቸው ሐጂ ናቸው። ወደ ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ እየሄዱ ነበር። እሳቸውን «ደብተር አለ» አይባልም።

«አላህ ነው የላከህ» አሉና ቦርሳዬን ታቅፈው ተቀመጡ። ጃንጥላቸውን ለሁለታችን ዘረጉት።

ሞላው አንድ ጊዜ አቃሰተና እስከ መጨረሻው ወረደ። መቀመጫው ጎማው ላይ ተኛ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ጎማው ነው፣ ሐጂ።»

«እኔ ደግሞ አንተ መስለኸኝ።»

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ጎማው የተቃጠለ መሽተት ጀመረ፤ ብስክሌቷም ቆመች። ወርደን መግፋት ጀመርን። ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ፤ ደወሉ ሊደወል አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ብቻዬን ብሆን እደርሳለሁ፤ እየገፋሁ ግን አልደርስም። ጭኜ ያመጣኋቸውን ሽማግሌ ጭቃ ላይ ጥዬ መሄድ ደግሞ መጀመሪያውኑ ካለመጫን ይብሳል።

«ሰዓቱን ምን ያስቆጥርሃል?» አሉኝ።

ስለ ደብዳቤውና ስለ ማታ ትምህርቴ ነገርኳቸው። ቦርሳውን አቀበሉኝ።

«ለርዕሰ መምህሩ ልነግርልህ እችላለሁ። ክፍል ሙሉ ልጅን ግን ምን ብዬ እነግራለሁ? በል ውጣ፣ ንዳ!»

«እርስዎስ?»

«እኔ ጃንጥላ አለኝ።»

ነዳሁ። ስደርስ ተማሪዎቹ ተሰልፈው ነበር፤ ሰልፉ ግን አልተበተነም። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ፣ እስከ ጉልበቴ የደረሰውን ጭቃ አየ፣ ከዚያ «ግባ» አለኝ።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የክፍሌ በር ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው፤ የካፖርታቸው ጫፍ ቡናማ ሆኗል። ተማሪዎቹ ተነሱ።

«ተቀመጡ ልጆቼ። ባርሲሳ፣ ፍሬንህ ጥሩ ነው። ሞላህ ግን ሰው አያውቅም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ግሎ ነበር። ጥፋቱ የሞላው አለመሆኑን አውቄዋለሁ። በዚያ መንገድ ብቻውን የሚሄድ ሰው አለ ብዬ ያስለካሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂን ወደ መንደሩ የቡና መረከቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ሚዛኑ ላይ ሊወጡ ሲሉ፣

«ካፖርቴን ላውልቅ?» አሉ።

«አይ ሐጂ፣ እሱም ይሳፈራል።»

ቁጥሩን ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል፤ ለጠጋኙ ብቻ ሲቀር። ቅዳሜ ቁጥሩን ይዤ ስሄድ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ «ማንን ትጭናለህ?» አሉ። ነገርኳቸው። መቀመጫውን ሦስት ጣት ከፍ አድርገው አስበየዱት። የሁለታችንን ክብደት ደምረው ጎማው ብረቱን እስከማይነካበት ድረስ ቀለበቱን አጠበቁ። ከዚያ በእህቴ የጥፍር ቀለም ሁለት ምልክት አደረግን፤ አንዱ ለብቻዬ፣ አንዱ ለሁለት። ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዞር የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰላምታ ያጥራል።

ዓመቱ ሦስተኛዋ ማርፈድ ሳትመጣ አለቀ፤ ደብዳቤውም አልተጻፈም። ኪቶ ፉርዲሳ የጀመርኩትን ጨረስኩ። ሐጂ በስብሰባ ቀን እዚያው ቦታ ይጠብቁኛል፤ እኔም አሥር ደቂቃ ቀደም ብዬ እነሳለሁ።

ባለ ሞላ ብስክሌት ካላችሁ እናንተም ሞክሩት። ክር ውሰዱና በሁለቱ ብሎኖች መሐል ለኩ፤ ተቀመጡና እንደገና ለኩ። ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ በመንገዳችሁ ላይ እምቢ ልትሉት የማትችሉትን ሰው አስቡ። ሄዳችሁ ጥሩት፣ ከኋላችሁ አስቀምጡት፣ ከነካፖርቱ። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ለኩ።