ከማርቆስ ባት የተወሰደው ደም ሥር

የበደለኝ አጎቴ ኤርጃቦ ነው። ከጦር ሜዳ ወደ ሀዲያ አገሬ ጃጁራ በተመለስኩበት ዓመት ሽማግሌ ሰብስቦ ማርቆስን እንዳላገባ ከለከለኝ። «የእሱ ሥጋ አንቺ ውስጥ ገብቷል። ከእንግዲህ ጎሳችን ነው፤ የአንድ ጎሳ ሰው ደግሞ አይጋባም» አለ። ሆሳዕና ከተማ ያደጉ የወንድሞቼ ልጆች ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል። ቀልድ አልነበረም።

ኮረብታውን እንድንይዝ የታዘዝነው ጎህ ሳይቀድ ነው። እኔ የሻምበሏ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ረፋድ ላይ ምሽጉን ያዝን። ወዲያው ሞርታር ዘነበብን። አንዱ እኔና ማርቆስ አጠገብ ወደቀ። ማርቆስ ከምባታ ነው፣ የአንጋጫ ልጅ፤ መትረየስ ተኳሽ። ጉልበቱ ደቀቀ። የእኔ ሁለቱም እግሮች ተቦጫጨቁ፤ የቀኙ ዋና ደም ሥር ተበጠሰ። ጓዶች ጭኔን በቀበቶ አስረው ሁለታችንንም አወረዱን።

ሕክምና ድንኳኑ ስንደርስ ቀኝ እግሬ ነጥቶ ቀዝቅዟል። ሐኪሙ «ቶሎ ደም ካልደረሰው ይቆረጣል» አለኝ። ለመቀጠያ የሚሆን ደም ሥር ከግራ እግሬ እንዳይወስድ እሱም ተጎድቷል። አጠገቤ የተኛው የማርቆስ እግር ግን ከጉልበት በላይ ሊቆረጥ ነው፤ ባቱ ደህና ነው።

«ከሚጣለው ውሰድላት» አለ ማርቆስ።

ሐኪሙ የማርቆስን ባት ዳሰሰ። «የሌላ ሰው ስለሆነ ሰውነቷ ላይቀበለው ይችላል። ካለመሞከር ግን ይሻላል» አለና የሁለታችንን የደም ዓይነት አስመረመረ። አንድ ሆነ።

«ስሚ፣ የከምባታ ደም ሥር ነው፤ ዳገት ላይ እንዳታሳፍሪኝ» አለኝ ማርቆስ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አይዞህ፣ የሀዲያ እግር ውስጥ ሲገባ ይሻሻላል» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ስነቃ ነርሷ የእግሬን ጣቶች ይዛ ነበር። «ሞቀዋል» አለች።

ከዚያ ኮረብታ አምስት ጓዶች በሕይወት አልወረዱም። ለእነሱ የሚቀጠል ነገር አልተገኘም። ለእኔ ሊቀበር ከነበረ እግር መራመጃ ተገኘ። ዛሬም ገበያ የምወጣው በሁለት እግሬ ነው፤ በዚያ ጦርነት ስለ ሰው ካየሁት ሁሉ የማምነው ይህንን ነው።

አጎቴ ከሞተ ቆይቷል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ይቅር በይው» ይሉኛል። አላልኩም። ማርቆስን አጎቴ በከለከለኝ በዚያው ዓመት አንጋጫ ሄጄ አገባሁት። አጎቴን አልጠራሁትም።