የአጎቴ ሞተር

ላንቻ አካባቢ መኪናዬን ለዓመታዊ ምርመራ ይዤ ተሰልፌ ሳለ የቤንዚኑ ሽታ ልጅነቴን መለሰብኝ። ያን ጊዜ አባዬ አሮጌ ቮልሱን ሊያስመረምር ሲሄድ እኔን ልጁን አስከትሎ ነበር። መርማሪው ሞተሩን በጨርቅ ወለወለና፣ «ጋሼ፣ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይገናኝም። ሞተሩን ከየት አመጡት?» አለው።

«ከሟች ወንድሜ ቮልስ ላይ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ መኪናው ሲጋጭ አልተጎዳም።» ከዚያ አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፍሬኑን የሠራሁለት እኔ ነበርኩ» አለ።

መርማሪው አዲሱን ቁጥር መዘገበለት።

እኔ ምርመራውን በማለፋችን ብቻ ተደስቼ፣ ወደ ካዛንቺስ ስንመለስ፣ «አባዬ፣ እንደ አጎቴ ፈጠን በል!» አልኩት።

መኪናውን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ተደፋ። የደከመው መስሎኝ ጀርባውን አሸሁለት።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ዛሬ ወረፋው መሃል ያን ቃሌን ሳስታውስ አፌን በእጄ ያዝኩ።